የልጄ አንገት መሃል ያለች እብጠት፤ ምላሱን ሲያወጣ አብራ ትነሳለች

የቡሬዋ እናት
ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ቡሬ አካባቢ ነው። አራት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አለኝ። አንገቱ መሃል ላይ፣ ከማንቁርቱ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሽምብራ የምታክል ድብልብል ነገር አለች። አታመውም። ጉንፋን ሲይዘው ግን ታብጣለች፣ ትቀላለች። ጤና ጣቢያ ንፍፊት ነው ብለው ሽሮፕ ሰጡን። ቀነሰች፤ ጨርሳ ግን አልጠፋችም። ጎረቤት እንቅርት ነው ይላል። አማቴ ደግሞ ወጌሻ ጋ ወስደን በምላጭ ትፍረጥ እያሉ ነው።

አንድ ያየሁት ነገር አለ። ልጁ ምላሱን ሲያወጣ እብጠቷ ወደ ላይ ትነሳለች። ውሃ ሲጠጣም እንደዚያው። ይሄ ምንድን ነው? ብጠብቅ ይጠፋል? ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል ወይ? የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ዳሞቴ
እህቴ አይዞሽ። የወንድሜ ልጅ እንደዚሁ ነበር። አሁን ድኖ ትምህርቱን ይማራል። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ እንዳታስፈርጪው። የእኛ ሰዎች አስፈርጠውት ነበር። ደረቀ ሲባል ተመልሶ ይመጣል፤ ደግሞ ይመግላል። ባህር ዳር ሄዶ በደንብ ሲሰራለት ነው ነገሩ የተቋጨው። አማትሽን ቀስ ብለሽ አስረጃቸው። ክፉ አስበው አይደለም፤ እባጭ መስሏቸው ነው።

አንገት በላይ
ሰላም ለሁላችሁም። ሐኪም ነኝ፤ በአንገት በላይ ሕክምና ስፔሻላይዝ እያደረግሁ ነው። ልጁን ሳላየው ይሄ ነው ብዬ አልደመድምም። ግን የጻፍሽው ምልክት ብዙ ይናገራል።

ታይሮይድ የሚባለው እጢ አንገታችን ስር ነው ያለው። ሲፈጠር ግን እዚያ አይደለም የሚጀምረው። ጽንሱ ገና ጥቂት ሳምንት ሲሆነው ከምላስ ስር ይነሳና በአንገት መሃል ወደ ታች ይወርዳል። በ7ኛው ሳምንት ገደማ ቦታው ይደርሳል። የወረደበት ቀጭን ቱቦ ከዚያ በኋላ መጥፋት አለበት። አንዳንድ ልጅ ላይ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። በቀረው ቱቦ ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀምና እብጠት ይሆናል። ይሄ ታይሮግሎሳል ሲስት ይባላል።

ቱቦው ከምላስ ስር ጋር የተያያዘ ነው። ምላስ ሲወጣ እብጠቱ የሚነሳው ለዚህ ነው። ንፍፊት እንዲህ አያደርግም። እንቅርት ሲውጡ ይነሳል፤ ምላስ ስላወጡ ግን አይነሳም። አንቺ ቤት ውስጥ ያየሽው ነገር እኛም ክሊኒክ ውስጥ የምንሰራው ምርመራ ነው።

አሁን ወደ ማፍረጡ ልምጣ። እብጠቱ ሲፈርጥ የሚወጣው ፈሳሹ ብቻ ነው። ከረጢቱም ቱቦውም እዚያው ይቀራሉ። ስለዚህ ይመለሳል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ውስጡ ጠባሳ ይሆናል፣ አንዳንዴም ቆዳው ላይ የማይዘጋ ቀዳዳ ይቀራል። በኋላ ኦፕራሲዮን የሚሰራው ሐኪም ጤነኛውን ሥጋ ከታመመው መለየት ይቸግረዋል። መግል ይዞ በጣም ከተወጠረ ሆስፒታል ውስጥ በመርፌ ሊቀነስ ይችላል፤ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትም ይሰጣል። ዋናው ሕክምና ግን የሚሰራው ቁስለቱ በደንብ ከበረደ በኋላ ነው።

የቡሬዋ እናት
ዶክተር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምላጩን ነገር አስቁሜያለሁ። ኦፕራሲዮኑ እንዴት ነው የሚሰራው? አንድ ዘመዳችን አጥንት ይቆረጣል አለኝና ደነገጥሁ። ድምፁስ? መዋጥስ?

አንገት በላይ
ዘመድሽ ልክ ነው፤ ግን አትደንግጪ። ከአገጭ በታች ሃዮይድ የምትባል ትንሽ ቀስት መሳይ አጥንት አለች። ያ ቱቦ በእሷ መሃል ወይም ተጠግቷት ነው የሚያልፈው። በፊት ሐኪሞች እብጠቱን ብቻ ያወጡ ነበር። ከታካሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ላይ ይመለስ ነበር። በ1920 እ.ኤ.አ. ሲስትረንክ የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ከእብጠቱ ጋር የአጥንቷን መሃል፣ ከዚያ በላይ ያለውን ቱቦም እስከ ምላስ ስር አብሮ ማውጣት እንደሚያድን ጻፈ። ኦፕራሲዮኑ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በዚህ መንገድ ሲሰራ የሚመለሰው ከ10 በመቶ በታች ነው።

የአጥንቷ መሃል መውጣት ድምፅ አያጠፋም፣ መዋጥም አይከለክልም። ሕፃኑ በጥቂት ቀን ውስጥ እንደ ልቡ ይበላል። ጠባሳው በአንገት እጥፋት ላይ ስለሚውል ሲያድግ ብዙም አይታይም።

ስለዚህ ሐኪሙ ጋ ስትቀርቢ ይህን ጠይቂ፤ «የአጥንቱ መሃል አብሮ ይወጣል ወይ?» መልሱ «አይ፣ እብጠቱን ብቻ ነው የምናነሳው» ከሆነ ሌላ ሐኪም አማክሪ። ይህን መጠየቅ መብትሽ ነው፤ ማንም ሊቀየምሽ አይገባም።

ሁለተኛ፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊት የአንገት አልትራሳውንድ ይነሳ። ጥቂት ልጆች ላይ ያ እብጠት ራሱ ብቸኛው ታይሮይድ ሆኖ ይገኛል። ሳይታወቅ ከወጣ ልጁ ዕድሜ ልኩን የታይሮይድ ኪኒን ይውጣል። አልትራሳውንዱ ቦታው ላይ ጤነኛ ታይሮይድ መኖሩን ያሳያል። ብዙ ወጪ የለውም፤ ጨረርም የለውም።

ጮቄ ስር
ዶክተር በትሕትና ልጠይቅ። ካላመመው ለምን ይቆረጣል? እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ እብጠት ይዘው ያረጁ ሰው አሉ። ምንም አልሆኑም። አራት ዓመት ለሞላው ልጅ ማደንዘዣ መስጠት ቀላል ነው እንዴ? ልጆቻችንን ለቢላ ማቻኮል ይከብደኛል።

አንገት በላይ
ወንድሜ ጥያቄህ ትክክለኛ ነው። አጣዳፊ አይደለም። ነገ ካልተሰራ የሚባል ነገር የለም። ይዘውት ያረጁም አሉ።

እኔ እንዲሰራ የምመክረው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ይህ ልጅ አስቀድሞ ቁስለት ጀምሮታል። እየመገለ በሄደ ቁጥር ኦፕራሲዮኑ ይከብዳል፣ የመመለስ ዕድሉም ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ሳይወጣ ከቆየ አዋቂዎች ላይ ከመቶ አንድ በሚሆኑት ውስጥ ካንሰር ይገኛል። ጥቂት ነው፤ ግን አለ። ማደንዘዣው ደግሞ ሕፃናትን በለመደ ባለሙያ ሲሰጥና ልጁ ጉንፋን በሌለበት ጊዜ ሲሆን ስጋቱ በጣም ይቀንሳል። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ወላጅ ጥቂት ወራት ቢያስብበት አልቃወምም። ምላጩን ግን እቃወማለሁ።

ጮቄ ስር
እሺ ገብቶኛል። አመሰግናለሁ።

የማርቆስ አዛውንት
ልጆቼ፣ ጸበሉንም አትርሱ። ልጁን ጸበል አስጠምቁት። ያለ እሱ ፈቃድ ምን ይሆናል።

ዳሞቴ
አባባ እውነትዎን ነው። የወንድሜን ልጅም ጸበል ወስደነዋል። የሆስፒታል ቀጠሮው ግን አላለፈንም። አባታችንም ሐኪም ጋ ሂዱ ብለው መርቀው ነው የሸኙን።

መምህሩ ከሞጣ
ይህን ውይይት ሳነብ የራሴን ጉዳይ ለመጻፍ ተነሳሁ። ሠላሳዎቹን ዕድሜ ጀምሬያለሁ። ከተወለድሁ ጀምሮ አንገቴ ጎን፣ በስተቀኝ፣ ወደ ታች ወረድ ብሎ በጣም ትንሽ ቀዳዳ አለችኝ። ምራቅ የመሰለ ፈሳሽ ታወጣለች። ሸሚዜን ታረጥባለች። ተማሪዎቼ ፊት ስቆም ኮሌታዬን እቆልፋለሁ። ልጅ ሳለሁ የዕጢ ቲቢ ነው ተብሎ የስድስት ወር መድኃኒት ጨርሻለሁ። ምንም አልተለወጠም። አንድ የግል ክሊኒክ ደግሞ ቀዳዳዋን ሰፍቶ ዘጋት። ብዙም ሳይቆይ አንገቴ አብጦ ትኩሳት አጣደፈኝ። ስፌቱ ሲፈታ መግሉ ወጣ፣ ቀዳዳዋም ተመለሰች። የኔ ነገርስ ከዚህ ልጅ ጋር ይመሳሰላል?

አንገት በላይ
መምህር፣ ዘመዳማቾች ናቸው፤ ግን መነሻቸው ይለያያል። ጽንስ በአራተኛው ሳምንት ገደማ አንገቱ አካባቢ በስተቀኝም በስተግራም ተራ በተራ የተደረደሩ እጥፋቶች ይኖሩታል። በመካከላቸው ስንጥቆች አሉ። ፊት፣ ጆሮ፣ አንገት የሚሰራው ከእነሱ ነው። ስንጥቆቹ በኋላ መዘጋት አለባቸው። አንዱ ሳይዘጋ ከቀረ በአንገት ጎን እብጠት ወይም እንደ እርስዎ ቀዳዳ ይሆናል። ብራንኪያል ፊስቱላ እንለዋለን። ከ10 ታካሚ 9ኙ ላይ የሚቀረው ሁለተኛው ስንጥቅ ነው። ቀዳዳው የሚወጣበት ቦታም ልክ እርስዎ የጻፉት ነው።

ክሊኒኩ የሰፋው ጫፉን ብቻ ነው። ቀዳዳው መጨረሻ አይደለም፤ መውጫ ነው። ከውስጥ ቱቦው ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ጭንቅላት ደም በሚወስዱ ሁለት ትላልቅ የደም ስሮች መካከል አልፎ ቶንሲል አጠገብ ይደርሳል። ምራቅ የመሰለው ፈሳሽ ከቱቦው ግድግዳ ይመነጫል። መውጫው ሲዘጋ ይጠራቀማል፣ ይመግላል። ለዚህ ነው ያ ሁሉ የደረሰብዎ።

ቲቢ ተብሎ መታከምዎም አያስገርመኝም። በአገራችን የዕጢ ቲቢ ብዙ ነው። አንገት ላይ ለሚያፈስ ቁስል ሁሉ መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ነው። መታሰቡ ልክ ነው፤ ሳይመረመር መጀመሩ ነው ችግሩ። ቲቢ ከልደት ጀምሮ በአንድ ቦታ ላይ ንጹሕ ቀዳዳ ሆኖ አይቆይም። የመርፌ ናሙና ወይም የፈሳሽ ምርመራ ሳይሰራ ስድስት ወር መድኃኒት መዋጥ ከባድ ነው።

መዳኛው ቱቦውን ከቆዳው እስከ ቶንሲሉ ድረስ ሙሉውን ማውጣት ነው። ቱቦው ረጅም ከሆነ አንገት ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ሁለት ቦታ በትንሹ ይቆረጣል። አጠገቡ የደም ስርና የነርቭ መስመር ስላለ ልምድ ያለው እጅ ይፈልጋል። ባህር ዳር ጥበበ ግዮን ወይም ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል በሪፈር መጥተው የአንገት በላይ ክሊኒክ ይጠይቁ። በፊት የተሰፋ መሆኑን መንገርዎን አይርሱ።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። በቤተሰብዎ ተመሳሳይ ቀዳዳ ያለው ሰው አለ? ጆሮዎ ፊት ላይስ ትንሽ ጉድጓድ አለ? መስማትስ?

መምህሩ ከሞጣ
ዶክተር በጣም ነው የገረመኝ። እናቴ ጆሮዋ ፊት ጉድጓድ አላት፤ መስማትም ይቸግራታል። እርጅና ነው ብለን ነበር። የመጀመሪያ ልጄም ጆሮዋ ፊት እንደዚያ አለባት። ለምን ጠየቁኝ?

አንገት በላይ
አንዳንድ ቤተሰብ ላይ የአንገት ቀዳዳ፣ የጆሮ ፊት ጉድጓድ፣ የመስማት ችግርና የኩላሊት አፈጣጠር ጉድለት አብረው ይወረሳሉ። ከወላጅ ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። እርስዎ ላይ ነው ብዬ አልፈርድም። ግን ልጅዎ መስማቷ ይለካ። ትምህርት ላይ ወደ ኋላ የምትቀር ከመሰለዎት ደግሞ ነገ ዛሬ አይበሉ። ለእርስዎም ለእሷም የኩላሊት አልትራሳውንድ ይነሳ። አያስቆርጥም፣ አያምም፣ አንድ ጊዜ ነው።

መምህሩ ከሞጣ
ልጄ ሁልጊዜ ከፊት ወንበር ካልተቀመጥሁ ትላለች። አሁን ነው የገባኝ። ይህ ሳምንት ሳያልቅ አስመረምራታለሁ።

ሲስተር ደጀን
እኔ ጤና ጣቢያ የምሰራ ነርስ ነኝ። ስለ አራስ ልጆች ልጨምር፤ ምክንያቱም እኛ ጋ በጣም የሚያሳዝነኝ እሱ ነው። በተወለደ በሁለትና ሦስት ሳምንቱ ሲተነፍስ የሚያጉረመርም ወይም የሚያፏጭ ልጅ ይመጣል። በጀርባው ሲተኛ ይብስበታል። ሲያለቅስና ሲጠባም ይብስበታል። ብዙ እናቶች ወደ እኛ የሚመጡት እንጥሉን አስቆርጠው ነው። እንጥሉ ወርዶ ነው ይላሉ። ልጁ ደም ፈሶት፣ አንዳንዴም ቁስሉ ተመርዞ ይደርሰናል። ድምፁ ግን አልጠፋም። የሚሰማው ከእንጥል አይደለማ።

አንገት በላይ
ሲስተር፣ ይህን በማንሳትሽ ደስ ብሎኛል። የብዙዎቹ ምክንያት ላሪንጎማሌሺያ ነው። ከማንቁርት በላይ ያለው ለስላሳ ሥጋና ቅርጭጭት ገና አልጠነከረም። ልጁ አየር ሲስብ ወደ ውስጥ ይገባና ድምፅ ያወጣል። ከሕፃናት የአተነፋፈስ ድምፅ መነሻዎች ዋናው እሱ ነው። ብዙዎቹ አንድ ዓመት ተኩል፣ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ያለ ምንም ቢላ ይድናሉ። ጡት ሲያጠቡ ቀና አድርጎ መያዝ፣ መሃል ላይ እያሳረፉ ማጥባትና ክብደቱን በየጊዜው መመዘን ይበቃል። ጥቂቶቹ ላይ ብቻ በአፍ በኩል በመሣሪያ ገብቶ ትርፉን ሥጋ መቀነስ ያስፈልጋል።

እንጥል መቁረጥ ለዚህ ምንም አይጠቅምም። የሚያመጣው መድማት፣ ቁስለት፣ ቴታነስ፣ በማይጸዳ ምላጭም ኤች አይ ቪ ነው። ይህን ስጽፍ በእውነት ይከፋኛል፤ የታመመው ሌላ፣ የሚቆረጠው ሌላ ነው።

ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል የምትሄዱበት ጊዜ አለ። ከንፈሩ ወይም ምላሱ ከጠቆረ፣ ሲተነፍስ የደረቱና የአንገቱ ሥር ጉድጓድ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ትንፋሹ የሚቋረጥ ከሆነ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ክብደት ካልጨመረ ቀጠሮ አትጠብቁ። ሲያለቅስ ድምፁ የማይወጣ ወይም የሚሻክር ከሆነም ድምፅ አውታሩ ላይ የተጋረደ ነገር ሊኖር ስለሚችል ቶሎ ይታይ።

ሲስተር ደጀን
ሌላም ልጨምር። በተወለደ በሁለት፣ ሦስት ሳምንቱ በአንገቱ ጎን ጡንቻ ላይ ጠንካራ እብጠት ወጥቶ ጭንቅላቱ ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብል ልጅ አለ። ይህንን ወጌሻ ጋ ወስዶ ማስጠምዘዝ የተለመደ ነው። አታስጠምዝዙ። ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ለእናትየዋ ያሳያታል፤ በየቀኑ ቤት ውስጥ ቀስ እያለች አንገቱን ትዘረጋለታለች። ዓመት ሳይሞላው ከተጀመረ አብዛኞቹ ያለ ቀዶ ጥገና ይስተካከላሉ።

አባት ከመራዊ
እኔም ልናገር። ሴት ልጄ ስትወለድ ጀምሮ በአንገቷ ግራ ጎን ትልቅ ለስላሳ እብጠት ነበራት። ሲጫኑት ይሰምጣል። አዋላጇ ጨለማ ክፍል ውስጥ ባትሪ ስታበራበት እብጠቱ ሙሉ በሙሉ በራ። ውሃ ነው አለችኝ፤ አልተሳሳተችም። ሲስቲክ ሃይግሮማ ይባላል ተባልን። እኛን ያስደነገጠን ጉንፋን በያዛት ጊዜ በአንድ ሌሊት እጥፍ ማደጉ ነው። ሪፈር ተጻፈልን። በማደንዘዣ አስተኝተው በመርፌ ፈሳሹን መጠጡና በምትኩ መድኃኒት አስገቡ። በየጥቂት ሳምንቱ ይደገም ነበር። አሁን በጣም ትንሽ ነው የቀረው። ቀዶ ጥገናው አልቀረም ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ እስካሁን አላስፈለጋትም።

አንገት በላይ
እግዚአብሔር ይማራት። ይህ ሊምፍ የሚባለውን የሰውነት ፈሳሽ የሚያመላልሱ መስመሮች ሲፈጠሩ በትክክል ሳይያያዙ ሲቀሩ የሚመጣ ነው። ከ10ሩ በ9ኙ ላይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ይታያል። የሚያስገቡት መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ብሊዮማይሲን ነው፤ መጠኑ በክብደት ይሰላል፤ ሳንባን ስለሚነካ አጠቃላይ ድምሩ ይቆጠራል። የእያንዳንዱን ቀን ወረቀት አስቀምጥ፤ ሌላ ሆስፒታል ብትሄዱ ይህ ቁጥር የግድ ያስፈልጋል። እብጠቱ ወደ ምላስ ወይም ወደ ትንፋሽ መንገድ የገባ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ድንገት አብጦ አተነፋፈሷ ከተለወጠ ሌሊትም ቢሆን ውሰዳት።

የቡሬዋ እናት
እንደገና መጣሁ። አልትራሳውንድ ተነሳ። ታይሮይዱ ቦታው ላይ ጤነኛ ነው ተብሏል። ቀጠሮ ተይዟል። ስለ አጥንቱ ጠየቅሁ፤ አዎ አብሮ ይወጣል አሉኝ። አሁን የሚያስጨንቀኝ የምግቡ ነገር ነው። ከማታ ጀምሮ ምንም እንዳይቀምስ የሚሉኝ አሉ። ልጅ እንዴት ይችላል?

አንገት በላይ
ጥሩ አድርገሻል። ምግብና የላም ወተት ከማደንዘዣው 6 ሰዓት በፊት ይቁም። ለሚጠባ ሕፃን የእናት ጡት 4 ሰዓት ሲቀረው ይቁም። ንጹሕ ውሃ ማደንዘዣው 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይቻላል። ሆስፒታሉ ከዚህ የተለየ ሰዓት ከነገረሽ የእነሱን ያዢ። ልጁን ውሃ አስጠምተሽ አታሳድሪው። ተደብቀሽ ግን አንድ ጉርሻ አታጉርሺው፤ ተኝቶ ሳለ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ከቀጠሮው በፊት ባሉት ቀናት ሳል ወይም ትኩሳት ከጀመረው ደውለሽ ንገሪያቸው።

ዳሞቴ
የጤና መድህን መታወቂያውን አትርሺ፤ የታደሰ ይሁን። ሪፈሩ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በየደረጃው ማኅተም ያለበት መሆኑን እይ። ያለ እሱ መድህኑ አይሰራም ይሉሽና ከኪስሽ ትከፍያለሽ። የአልትራሳውንዱን ወረቀትና ከዚህ በፊት የወሰደውን መድኃኒት ካርቶን ያዢ። አንድ ሰው አብሮሽ ይሂድ፤ ወረፋ ያዥና ልጅ ያዥ አንድ ሰው መሆን አይችልም።

ከዳንግላ
ይቅርታ ዘግይቼ ነው ያየሁት። የእህቴ ልጅ ስምንት ዓመቷ ነው። በአንገቷ ግራ በኩል፣ ወደ ታች፣ ታይሮይድ አካባቢ መግል ይይዛል። ተበጥቶ ይደርቃል። ከወራት በኋላ እዚያው ቦታ ይመለሳል። ቀዳዳ ግን ስትወለድ አልነበራትም። ይህም ከተፈጥሮ ሊሆን ይችላል?

አንገት በላይ
ይችላል፤ እንዲያውም በዚህ ውይይት ከተነሱት ሁሉ በጣም ብርቅ የሆነው ይህ ነው። የሦስተኛው ወይም የአራተኛው ስንጥቅ ቅሪት ጉሮሮ ውስጥ፣ ከማንቁርት ጎን ባለ ጉድጓድ ላይ ትንሽ አፍ ይኖረዋል። ምራቅና ምግብ በዚያ ገብቶ ታይሮይዱ አጠገብ ይመግላል። አብዛኛውን ጊዜ በግራ ነው። ልጅ ላይ በግራ አንገት፣ በአንድ ቦታ የሚመላለስ መግል ካለ ይህ መታሰብ አለበት።

አሁን መግል ካለ መድኃኒቱን ትጨርስ። ከዚያ ጥቂት ሳምንት ይቆይ፤ ባበጠበት ሰዓት ቀዳዳው ስለሚደፈን ምርመራው ሊስተው ይችላል። ሲበርድላት ባሪየም የሚባል በራጅ የሚታይ ፈሳሽ አስጠጥቶ ራጅ ማንሳት፣ ወይም በማደንዘዣ በአፍ በኩል በካሜራ ማየት ነው። አፉ ከተገኘ በዚያው በካሜራው በኩል ተተኩሶ ሊዘጋ ይችላል። ብዙ ልጆች በዚህ ብቻ አንገታቸው ሳይቆረጥ ይድናሉ። ሪፈር ስታስጽፉ «በግራ አንገት የሚመላለስ መግል፣ ከዚህ በፊት የተበጣ» ብለው እንዲጽፉላችሁ ንገሯቸው።